የመስፈርት ሞጁል ለሁለት ሲከፈል የለውጥ ታሪኩ የት ይቀራል?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ በነባሩ የአይቢኤም ዶርስ (የምርት መስፈርቶችን መመዝገቢያና መከታተያ ሶፍትዌር) ውስጥ 1,400 ያህል መስፈርቶችን የያዘ ሞጁል፣ ማለትም የመስፈርቶች ሰነድ፣ አለዎት፤ ሁለተኛ ደንበኛ በመምጣቱ ከዚያው ሞጁል ቅርንጫፍ (ለብቻው የሚቀጥል ሁለተኛ እትም) ማውጣት ይፈልጋሉ፤ የእያንዳንዱ መስፈርት የለውጥ ታሪክ እንዳይጠፋም ሰግተዋል። ስጋትዎ ተገቢ ነው። እኔ ጀርመን አገር ለመኪና ዕቃ አምራች ስሠራ ይህንኑ በችኮላ አድርገን ከወራት በኋላ ተቸግረንበታልና የሆነውን በዝርዝር ልንገርዎ።

ነባሩ ዶርስ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው ቤዝላይንና ቅጂ ነው። ቤዝላይን ሞጁሉ በአንድ ቀን የነበረውን መልክ አሽጎ የሚያስቀምጥ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የማያርመው እትም ሲሆን 1.0፣ 1.1፣ 2.0 እየተባለ ይቆጠራል። ቅጂ ግን ራሱን የቻለ አዲስ ሞጁል በመሆኑ የእናት ሞጁሉ ቤዝላይኖችም ሆኑ የለውጥ ታሪኩ አይከተሉትም። የሚከተለው ዋና ነገር አብሶሉት ነምበር የሚባለው የየመስፈርቱ ቋሚ ቁጥር ነው፤ እሱም ሞጁሉ በሙሉ ሲቀዳ ብቻ ነው። መስፈርቶቹን እየመረጡ በሌላ ሞጁል ውስጥ ከለጠፏቸው አዲስ ቁጥር ስለሚሰጣቸው፣ በኋላ ሁለቱን ሞጁሎች ላወዳድር ቢሉ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አይኖርዎትም።

የእኛ ጥፋት የታየው በኦዲት ቀን ነበር። ኦዲተሩ መስፈርት 812ን አስከፈተን፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ በ60 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መብራት እንዳለበት ይናገራል። «ቀድሞ ባየሁት ሰነድ 40 ነበር፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ቀየረው?» ሲል ጠየቀ። ታሪኩን ብንከፍት የመጀመሪያው መዝገብ ሞጁሉ ከተቀዳበት ቀን አይቀድምም። ወደ እናት ሞጁሉ ብንሄድ እዚያም ባዶ ሆነ፤ በሥራ ላይ ያለው እትም የሚያሳየው ከመጨረሻው ቤዝላይን ወዲህ የተደረገውን ለውጥ ብቻ ነውና፣ የቀደመው ታሪክ በየቤዝላይኑ ውስጥ ተቀምጧል። ቅጂው ከየትኛው ቤዝላይን እንደተወሰደ የመዘገበ ሰው ስላልነበረ ሰባት ቤዝላይኖችን አንድ በአንድ ስንከፍት ከሰዓት በኋላው አለቀ። ለውጡ በደንበኛው ጥያቄ የተደረገ ሆኖ ተገኘ፤ ኦዲተሩ ግን ማስታወሻውን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ስለዚህ ከመቅዳትዎ በፊት በእናት ሞጁሉ ላይ ቤዝላይን ይውሰዱ፤ በማብራሪያው ቦታም ለየትኛው ደንበኛ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ይጻፉ። ከቀዱ በኋላ ወዲያውኑ፣ አንድም ቃል ሳይታረም፣ በቅጂውም ላይ የመጀመሪያውን ቤዝላይን ይውሰዱ። «መነሻ» የሚል አትሪቢውት (ከየመስፈርቱ ጋር የሚቀመጥ የመረጃ ዓምድ) ፈጥረው የእናት ሞጁሉን ስም፣ የቤዝላይኑን ቁጥርና የመስፈርቱን ቋሚ ቁጥር በእያንዳንዱ ረድፍ ያስገቡ፤ ይህ በዲኤክስኤል (በዶርስ የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ) የጥቂት መስመር ሥራ ነው። አትሪቢውት ሲፈጥሩ ታሪክ እንዲመዘገብ የሚያዘውን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ፤ ካልተደረገ በዚያ አትሪቢውት ላይ የሚደረግ ለውጥ ታሪክ ውስጥ አይገባም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የሊንኮቹን፣ ማለትም አንዱን መስፈርት ወይም ፍተሻ ከሌላው ጋር የሚያያይዙትን ማገናኛዎች፣ ጉዳይ ነው። በዶርስ ሊንክ የሚቀመጠው በሚነሳበት ሞጁል በኩል ነው። የፍተሻ ሞጁልዎ ወደ መስፈርቶቹ የሚያመለክት ከሆነ፣ ሞጁሉ ተቀድቶም የፍተሻዎቹ ሊንኮች የሚያመለክቱት እናትየውን እንጂ ቅጂውን አይደለም። አዲሱ ቅርንጫፍ ምንም ያልተፈተሸ መስሎ ይታያል፤ የፍተሻ ሽፋኑን (ስንቱ መስፈርት እንደተፈተሸ) በሪፖርት የሚያይ አለቃ ካለዎት አስቀድመው ቢነግሩት ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ቅርንጫፍ ላለማውጣት እሞክር ነበር። በሁለቱ ደንበኞች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ አሥር እጅ የማይበልጥ ከሆነ፣ መስፈርቱ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ የሚለይ አንድ አትሪቢውትና የየደንበኛውን መስፈርት ብቻ የሚያሳዩ ሁለት የተጣሩ ቪውዎች (ዕይታዎች) ይበቃሉ፤ ታሪኩም ሊንኩም በአንድ ቤት ይኖራል። ቅርንጫፍ ካወጡ ግን በአንዱ የታረመውን ስህተት ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው በስም ይመደብ። ማወዳደሪያው መሣሪያ ልዩነቱን ያሳይዎታል፤ የትኛው ለውጥ ይሻገር፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ግን አይወስንልዎትም።

ወደ ዶርስ ኔክስት፣ ማለትም በድረ ገጽ ወደሚሠራው አዲሱ የአይቢኤም መሣሪያ፣ ስለመሸጋገርም ጠይቀዋል። እዚያ ስትሪም የሚባል እውነተኛ ቅርንጫፍ አለ፤ አንዱ መስፈርት በሁለቱም ስትሪሞች በአንድ መለያ ቁጥር ይታወቃል፣ በቼንጅ ሴት (በአንድነት በተሰበሰቡ ለውጦች) የተሠራ ለውጥም ከአንዱ ስትሪም ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህን የሚሰጠው የኮንፊገሬሽን አስተዳደር ግን በፕሮጀክቱ ላይ አንዴ ከተከፈተ ስለማይዘጋ፣ በመለማመጃ ፕሮጀክት ላይ ሳይሞክሩት በዋናው ላይ አይክፈቱት።

ከ1,400ዎቹ መስፈርቶች ስንቱ እንደሚለያይ ቆጥረው ቢጽፉልን፣ ቅርንጫፍ ከማውጣትና በአንድ ሞጁል ከመቆየት የቱ እንደሚሻልዎ ለይቶ መናገር ይቻላል።