ፕለጊን የውጭውን ስፓም ይይዛል፤ የአማርኛውን አስተያየት ግን ሰው ያንብበው

እኅታችን የታሪክ ጽሑፎች በሚያወጡበት፣ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም በተሠራው ገጽ ላይ የውጭ አገር ማስታወቂያ (ስፓም) አስተያየት መስሎ በየቀኑ እንደሚጎርፍ፣ ከአማርኛ አንባቢ የሚመጣው ደግሞ ጥቂት ሆኖ ከመካከሉ ስድብ እንደማይጠፋ ገልጸው፣ የአንባቢ አስተያየት እንዲበዛላቸውም እንደሚፈልጉ ነግረውን፣ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ፕለጊን፣ ማለትም በገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ እንድንጠቁማቸው ጠይቀዋል። የሕግ ጉዳዮችን በአማርኛ የሚያብራራ ገጽ ለዓመታት ሳስተዳድር ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ። የጠቀሷቸው ሁለት ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን ፕለጊን በሚገባ ይፈታዋል፤ ሁለተኛውን ግን ያግዛል እንጂ አይፈታውም።

ፕለጊን ከመጫንዎ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ዲስከሽን የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህ ክፍል ግማሹን ሥራ ያቃልላል። ከዚህ ቀደም አንድ አስተያየት የጸደቀለት ሰው ቀጣዩ በቀጥታ እንዲወጣለት የሚያደርገው ምርጫ መብራቱን ያረጋግጡ። አዲስ ጸሐፊ የመጀመሪያው አስተያየቱ እስኪታይ ይጠብቃል፤ ነባር አንባቢዎ ግን አይጉላላም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሊንክ የያዘ አስተያየት ተይዞ እንዲቆይ ዎርድፕረስ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ቁጥር እኔ ወደ 1 ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ምክንያቱም ከአንባቢዎቼ መካከል ሊንክ የሚያስገባው ጥቂት ሲሆን፣ ስፓም ላኪው ግን ያለ ሊንክ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ለውጭው ስፓም አኪስሜት ወይም አንቲስፓም ቢ የተባለው ፕለጊን ይበቃል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መጫን አያስፈልግም። አኪስሜት ከዎርድፕረስ ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ እያንዳንዱን አስተያየት ወደ ራሱ ሰርቨር ልኮ ይመረምራል። ለግል ገጽ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ገጽዎ ማስታወቂያ ካለበት ወይም ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ክፍያ ይጠይቃል። አንቲስፓም ቢ በነጻ የሚገኝ፣ ምዝገባ የማይፈልግ፣ ምርመራውንም በራስዎ ሰርቨር ላይ ማከናወን የሚችል ነው። ሰው የማያየውን፣ ፕሮግራም ግን የሚሞላውን ስውር ሳጥን በወጥመድነት ስለሚጠቀም አንባቢውን በእንቆቅልሽ አያስቸግርም። እኔ የምጠቀመው በዚህ ነው። ካፕቻን፣ ማለትም ሰው መሆንን ለማረጋገጥ ሥዕል የሚያስመርጠውን ፈተና፣ አልመክርም፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ በስልክ የሚያነብ ሰው ሥዕል እስኪጫንለት ጠብቆ የጻፈውን ትቶት ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ዎርድፕረስ የቃላት ዝርዝር የሚቀበሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት፤ በአንደኛው የተጻፈ ቃል የተገኘበት አስተያየት ለምርመራ ይቆያል፣ በሌላኛው የተጻፈ ቃል የተገኘበት ግን በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ለአማርኛ ሁለተኛውን ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። ሥርዓቱ የሚያነጻጽረው ፊደልን ከፊደል ጋር ነውና የድምፅ አንድነትን አያውቅም፤ «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ብናይ፣ ፀ እና ጸ፣ እንዲሁም ሐ፣ ሀ እና ኀ እየተፈራረቁ ቢያንስ በ6 መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ሥርዓቱም እያንዳንዱን እንደ ሌላ ቃል ይቆጥረዋል። የቃላችን እርባታም ሌላ ችግር ያመጣል። «ሌባ» ብለው ቢያስገቡ «የሌባ» እና «ሌባው» ይያዛሉ፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ በቃል ውስጥ ያለውንም ይፈልጋል። «ሌቦች» ግን የመጨረሻ ፊደሉ ስለተለወጠ ያልፋል። ከዚህም በላይ ስለ ስርቆት ወንጀል በጨዋነት የሚጠይቀው አንባቢ አብሮ ይያዛል። በእርስዎ የታሪክ ገጽ ላይ ደግሞ የብሔር መጠሪያዎች በቅን ውይይትም በስድብም ውስጥ ስለሚገቡ፣ ቃሉን መከልከል ውይይቱን መከልከል ይሆንብዎታል። ስለዚህ ያለ ጥርጥር ስድብ የሆኑትን ጥቂት ቃላት ብቻ፣ ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው፣ በመጀመሪያው ሳጥን ያስገቡና የተያዘውን ራስዎ ያንብቡት። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸውና ዝርዝሩ እነሱንም ይጨምር።

ከጽሑፉ ሥር አጭር የአስተያየት ደንብ ያስቀምጡ፤ ሐሳብን መተቸት እንደሚቻል፣ ሰውን ወይም ሕዝብን ማዋረድ ግን እንደማይወጣ በግልጽ ይጻፉ። በአገራችን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም አይዘንጉ። በእኔ ገጽ ላይ ከስድብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዎች የራሳቸውን ገመና መግለጣቸው ነው። የፍቺ ወይም የውርስ ጥያቄ ያላት እናት ስሟን፣ ስልኳንና የባሏን መሥሪያ ቤት ሳይቀር ትጽፋለች። እንዲህ ያለውን ከማጽደቄ በፊት መለያዎቹን አወጣለሁ፣ ማውጣቴንም በቅንፍ እገልጻለሁ፤ ይህን ሊሠራልኝ የቻለ ፕለጊን አላገኘሁም። ዎርድፕረስ የአስተያየት ሰጪውን የአይፒ አድራሻ (ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደጻፈ የሚያሳየውን ቁጥር) በዳታቤዝ እንደሚያስቀምጥም ይወቁ፤ እሱን የሚያጠፉ ትንንሽ ፕለጊኖች አሉ፣ አወዛጋቢ ታሪክ ለሚጻፍበት ገጽ ቢጫኑ መልካም ነው።

አስተያየት እንዲበዛ ስለሚፈልጉት ደግሞ፣ ለመልስ የሚሆን የኢሜይል ማሳወቂያ ፕለጊን ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ኢሜይላቸውን ስለማይከፍቱ፣ መልስ የሰጠሁበትን ጥያቄ ሊንክ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ አወጣለሁ። ከዚያ የሚመጡት ሰዎች ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የተባባሉትንም ያነብባሉ። የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቀውን ሳጥን ከቅጹ ላይ ማንሣትም ቅጹን ያቀልላል፣ ስፓም ላኪውንም ሊንክ ማስገቢያ ያሳጣዋል።

ደብሊው ፒ ዲስከዝ የተባለው ፕለጊን ድምፅ መስጠትንና ሌሎች ማራኪ ነገሮችን ይጨምራል፤ አስተያየቶቹም በራስዎ ዳታቤዝ ይቀመጣሉ። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. በ7ኛው ትውልድ የመጀመሪያ ስሪቶቹ ላይ ማንም ሰው አደገኛ ፋይል እንዲጭን የሚያስችል ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶበት በ7.0.5 መታረሙን አስታውሰው፣ ከጫኑት ሥዕል መላኪያውን ይዝጉ፣ ማሻሻያውንም አያዘግዩ። ዲስከስ የተባለውን የአስተያየት አገልግሎት የመረጡ እንደሆነ ውይይቱ የሚስተናገደው በኩባንያው ሰርቨር ነው፣ በነጻው አገልግሎትም ማስታወቂያ ይገባል። ለእርስዎ ገጽ ግን የዎርድፕረስ የራሱ ቅጽ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም የቆዩ ጽሑፎችን አስተያየት በ14 ቀን የሚዘጋውን ምርጫ፣ ስፓምን ይቀንሳል ተብሎ ቢመከርም፣ እርስዎ አይጠቀሙበት። የታሪክ ጽሑፍ አንባቢ ከዓመታት በኋላ በጉግል ፈልጎ ይመጣል፤ ስለ አያቱ መንደር የሚያውቀውን ሊጨምር የሚችለውም እሱ ነው። ስፓም የበዛበት አንድ ጽሑፍ ካለ የዚያን ብቻ ለይተው ይዝጉ።