የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ይሰር

እንግሊዝ አገር ረዳት መምህር ሆኜ በጀመርኩበት ዓመት፣ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጫማ በየቀኑ አስርለት ነበር። ፍቅር መስሎኝ ነው። የክፍሉ መምህርት አንድ ቀን ጠራችኝና «አንቺ በሌለሽበት ቀንስ ማን ያስርለታል?» አለችኝ። እኛ ልጅን የምንወደው በእጃችን ነው፤ እናጎርሳለን፣ እናለብሳለን፣ ሳይጠይቀን እናቀብለዋለን። ልዩ የትምህርት ፍላጎት ካላቸው ልጆች ጋር ለመሥራት የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሁሉ የሚከብዳችሁ እጃችሁን መሰብሰብ ነው። በልቤ እስከ አሥር መቁጠር ተማርኩ። ልጁ ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ብቻውን ሲቋጥር እንባዬ መጣ።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚለው ስጋት ብዙዎቻችሁን ያስቀራል። የዕለት ማስታወሻ መጻፍና የመምህሩን መመሪያ በትክክል መረዳት ግድ ነው፤ ለብዙዎቹ ልጆች ግን ረጅም ንግግር ሸክም ነው። የሚሠራውን ነገር ሥዕል አሳይቶ «መጀመሪያ ኮት፣ ከዚያ ጨዋታ» ብሎ ዝም ማለት ይበልጥ ይገባቸዋል። ማካተን የሚባለውን የእጅ ምልክት የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱን ከሥራው ጋር ትማሩታላችሁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዓይናችሁን ባያይ አትቀየሙት። በታላላቆቻችን ፊት ዓይናችንን ሰብረን ያደግን ሰዎች፣ አለማየት ንቀት እንዳልሆነ እናውቃለን።

ለሥራው በሕግ የተወሰነ አንድ ዲፕሎማ የለም፤ መስፈርቱን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። የደረጃ 2 ወይም 3 የረዳት መምህርነት ሰርተፊኬት ይጠቅማል። ጥብቅ የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ይደረግባችኋል፤ ከኖራችሁበት ሌላ አገር የፖሊስ ማስረጃም ልትጠየቁ ስለምትችሉ ቀደም ብላችሁ አሰናዱ። ደመወዙን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ሰው የሚከፈለው ነው። ውሉ ለትምህርት ሳምንታት ብቻ ከሆነ እጃችሁ የሚገባው ያንሳል። ከቻላችሁ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት በበጎ ፈቃድ አገልግሉ፤ ሥራው ይስማማችሁ እንደሆነ በዚያ ታዩታላችሁ።

ስትቀጠሩ የልጁን ዕቅድ ለማንበብ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የልጆችና የቤተሰቦች ሕግ መሠረት፣ ከፍ ያለ ድጋፍ የሚያሻው ልጅ እስከ 25 ዓመቱ ሊዘልቅ የሚችል የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ምን እንደሚያስደነግጠው፣ በምን እንደሚረጋጋ ከዕቅዱ አንብባችሁ፣ እናቱንም ጠይቃችሁ ተረዱ። ልጅ የደረሰበትን ጉዳት ሊነግራችሁ ቢጀምር «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። በዚያው ቀን ለልጆች ደኅንነት ኃላፊው አሳውቁ።

አንድ ቀን የአገራችን ልጅ ይገጥማችኋል። እናቱ የልጅሽ ሁኔታ እርግማን ነው ተብላ፣ ሐፍረት ይዟት ከሰው ርቃ ይሆናል። ስብሰባ ላይ በአማርኛ ብታስረዷት ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ግን ትምህርት ቤቱ ሲያውቀውና እሷ ስትፈቅድ አድርጉት። የሰማችሁትንም በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ደጅ፣ ለቅርብ ወዳጅም ቢሆን፣ አታንሡት።