ሳይት ለምትገቡ አዳዲስ ኢንጂነሮች

ዘንድሮ ተመርቃችሁ የግንባታ ሳይት ለምትገቡ ልጆች ሰው ስለመምራት ትንሽ ልበላችሁ፣ እሱን ክላስ ውስጥ ማንም አላስተማራችሁም።

ገና ስትገቡ አባታችሁ የሚሆን ፎርማን በእናንተ ስር ይመደባል። "ኢንጂነር" ብሎ ይጠራችኋል ግን ገና እየመዘናችሁ ነው። እናንተ ጋሼ በሉት፣ ስልጣናችሁ አይቀንስም። ያየውን ሁሉ ጠይቁት፣ ድሮዊንጉን ግን ማታውኑ አንብባችሁ እደሩ።

ዋናው ፈተና የሚመጣው የሶሌታ (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ሙሌት ቀን ነው። ድብልቁ ጠጠር ሲል መግፋቱ ይከብዳል፣ ባሬላ የሚሸከሙትም ዝለዋል፣ በዚህ መሀል አንዱ የውሃ ጎማውን ይዞ ይመጣል። ውሃ ከልኩ ሲያልፍ ኮንክሪቱ ይደክማል፣ በ28 ቀን ለሙከራ የተወሰደው ኪዩብ ሲሰበር ውጤቱ ይወርዳል፣ ሶሌታው ስር ደግሞ ነገ ሰው ነው የሚኖረው። አይጨመርም በሉ፣ አንዴ፣ ሳትጮሁ። ብላችሁ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቁሙ፣ ኮንክሪቱን የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር ይሰራል ወይ፣ ሰው በቂ ነው ወይ፣ ሚክሰሩ ላይ ስላምፕ (የድብልቁ ቅጥነት) ተለክቷል ወይ ብላችሁ ድካማቸውን የሚያቀል ነገር ፈልጉ፣ ውሃውን የፈለጉት ስለደከማቸው ነዋ። ፎርማኑን የምትቆጡት ካላችሁም ለብቻው። በሰራተኛ ፊት ያዋረዳችሁት ፎርማን ከነገ ጀምሮ ጥፋት ቢያይም አይነግራችሁም፣ እኔ በአለቃ ላይ ከዚህ የከፋ ነገር ሲደርስ አላየሁም።

ሙሌት ተጀምሮ አይቋረጥም፣ ስለዚህ ሰው ያመሻል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያው በግልጽ ተቀምጧል፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከዛ በኋላ 1.75፣ በእረፍት ቀን 2፣ በበአል 2.5። የትርፍ ሰዓት ወረቀቱ ላይ የማንን ስም መቼ እንደጻፋችሁ ሰራተኛው ያያል፣ እዛው ማታውኑ ከታይም ኪፐሩ (ሰዓት መዝጋቢው) ጋር ፈርሙበት፣ ቢሮ "በጀት የለም" ሲል ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡና ተከራከሩላቸው። ለጉልበታቸው ያልተከራከረላቸውን ሰው ማንም ከልቡ አይሰማም።

እናንተ ሴቶች ደግሞ፣ ጥያቄው የእናንተ ሆኖ ፎርማኑ አጠገባችሁ ያለውን ወንድ ሲጠይቅ ዝም አትበሉ፣ መልሱን ራሳችሁ ስጡ። አንተም አጠገቧ የቆምከው ልጅ፣ መልሱን ብታውቀው እንኳን "እሷን ጠይቋት ጋሼ" በል።