ሜምበሩ ሞልቷል፣ ተጫዋቹ የት አለ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የ3ኛ ዓመት የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በድሮው ባቡር ከጅቡቲ ድሬ ሸቀጥ ስለሚያመላልሱ ነጋዴዎች የካርታ ጨዋታ ሠርተናል። በቴሌግራም ቻናላችን፣ ሜምበርም ገዝተን፣ 2 ሺህ ሰው ደርሰናል፤ ፖስት ስናደርግ ግን መልስ የሚሰጥ የለም። አባቴ ‹ለቁማር ነው ያስተማርኩሽ?› ይለኛል። ለአንድ ዓመት ትምህርቴን አቋርጬ በዚሁ ላይ ብሠራ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና አታቋርጪ። ካታን የተባለውን ታዋቂ የገበታ ጨዋታ የፈጠረው ጀርመናዊ፣ ክላውስ ቶይበር፣ መተዳደሪያው የጥርስ ቴክኒሻንነት ነበር። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ ስሙ ከገነነ በኋላም ሥራውን ወዲያው አልለቀቀም። አንቺ ደግሞ የቀረሽ ትምህርት ራሱ ማርኬቲንግ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚሁ ጨዋታ ላይ ለመሥራት አማካሪሽን ጠይቂ።

አሁን ወደ ቻናሉ። የተገዛ ሜምበር ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱን እርሺው። እውነተኞቹም ቢሆኑ ዝም ያሉት ሰንፈው አይደለም፤ ካርታው እጃቸው ላይ የለም! ጨዋታውን ያልነካ ሰው «በርቱ» ከማለት በቀር ምን ይጻፍ?

ስለዚህ ጨዋታውን ስጧቸው። የተለመደው የካርታ መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ስለሆነ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ 9 ካርታ ይገባል፤ 54 ካርታ ቢኖራችሁ 6 ወረቀት ነው። በጥቁርና ነጭ ፒዲኤፍ አዘጋጁና በነፃ ልቀቁት፤ ቀለም ያለው ኅትመት ለተማሪ ኪስ ውድ ነው። ማንም ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ አሳትሞ፣ በመቀስ ቆርጦ በዚያው ምሽት ይጫወታል። «ይሰረቅብናል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ማንም የማያውቀውን ጨዋታ የሚሰርቅ የለም፤ ባለ ቀለሙንና ባለ ሳጥኑን ደግሞ በኋላ ትሸጣላችሁ።

ከቻናሉ ጎን የመወያያ ግሩፕ ክፈቱ። ቻናል ላይ እናንተ ብቻ ትናገራላችሁ፣ ግሩፕ ላይ እነሱም ይናገራሉ። የግሩፑ ወሬ ግን የሚመነጨው ከጠረጴዛ ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ወይም ዶርም ውስጥ ጨዋታውን አይተው የማያውቁ አራት ልጆች ሰብስቢ፤ ደንቡን በወረቀት ስጪያቸውና አንቺ አፍሽን ያዢ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ የፈጠረ ሰው ማስረዳት ያምረዋል። የተጨቃጨቁበት ቦታ ደንባችሁ ያልጠራበት ቦታ ነው። «ፊናንስ (የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪ ፖሊስ) አዲጋላ ጣቢያ ላይ ሸቀጥ ከወረሰ፣ ነጋዴው ተራውን ያጣል ወይስ አያጣም?» ብለው ቢነታረኩ ጭቅጭቁን እንዳለ ወደ ግሩፑ ውሰጂና ድምፅ አሰጪበት። ኮንትሮባንድ ላይ አስተያየት የሌለው የድሬ ሰው አላውቅም። ሐሳቡ ያሸነፈውን ልጅ ስም፣ እሱ ከፈቀደ፣ በሚቀጥለው የደንብ እትም ላይ አስፍሩ። ስሙ የወጣ ሰው ለአራት ጓደኞቹ ሳያሳይ አያድርም።

ለፖስት የሚሆን ነገር ደግሞ ከተማችሁ ሞልቶታል። ባቡሩ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ነው። በምድር ባቡር የሠሩ አባቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ስለ ደወሌና ስለ አይሻ ጣቢያ ጠይቋቸው፤ ፈቅደው ድምፃቸውን ብትቀዱ ከአሥር «ጨዋታችንን ሞክሩ» ማስታወቂያ ይበልጣል። ደንቡ በኦሮምኛና በሶማልኛም ይኑር፤ ድሬ ተቀምጦ በአማርኛ ብቻ ግሩፕ መክፈት ግማሹን ጎረቤት በር ላይ ማስቀረት ነው።

የአባትሽን ነገር አትናቂው። እኛ አገር ካርታ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ብር ነው። «በገንዘብ መጫወት ክልክል ነው» የሚለውን የግሩፑ የመጀመሪያ ሕግ አድርጋችሁ ፒን አድርጉ፤ የጣሰውንም ያለ ማስጠንቀቂያ አስወጡ። ከዚያ አባትሽን አንድ ዙር አጫውቻቸው። የባቡሩን ዘመን ካወቁ ሊያሸንፉሽም ይችላሉ።

«ይሄ ሥራ ይሆናል ወይ?» ለሚለው፣ ጨዋታው ብቻውን ቶሎ እንጀራ ይሆንሻል ብዬ አልዋሽሽም። ኪክስታርተርን የመሰሉ የውጭ የገንዘብ ማሰባሰቢያዎችን ተስፋ አታድርጊ፤ ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ሆኖ ፕሮጀክት ለሚከፍት ሰው ዝግ ነው። የሚቀርሽ በቴሌብር ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ በትንሹ ማሳተም ነው፤ ያንንም ናሙናው ታትሞ እጅሽ ሳይገባ አትጀምሪ። ለቀጣሪ የሚታይ ሙያ ግን አሁኑኑ እየገነባሽ ነው። ሲቪሽ ላይ «የቻናል አድሚን» ብለሽ አትለፊው። ምን ያህል ሰው አሳትሞ እንደተጫወተ፣ ከግሩፑ በመጣ ሐሳብ የትኛው ደንብ እንደተቀየረ፣ ጠብ ሲነሳ እንዴት እንዳበረድሽ ከዛሬ ጀምሮ መዝግቢ። ደንበኛ የሚያስተናግድም ሆነ ማኅበረሰብ የሚያወያይ ድርጅት የሚፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ፤ ሦስት ናችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕሉንና የደንቡን ጽሑፍ ይጠብቃል፤ የጨዋታውን ሐሳብ ግን አይጠብቅም። ሥዕሉን የሣለው አንደኛው ጓደኛችሁ ብቻ ከሆነ ነገ ቢጣላችሁ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። የማን ምን እንደሆነና ገቢ ቢመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ በአንድ ገጽ ጻፉና ሦስታችሁም ፈርሙ፤ ፒዲኤፉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ይሁን።