መልስ፦ ስንዴ እያኘኩ የመረጡት የመንግሥት ሠራተኛ

"በካናዳ ሜዳማ ግዛቶች ገበሬውን በእውነት የጠቀመ የመንግሥት ሠራተኛ አለ ወይ?" ብለሃል። አለ እንጂ! ቻርልስ ሳውንደርስን ልንገርህ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

በ1867 ኦንታሪዮ ተወለዱ። በኬሚስትሪ ዶክትሬት ቢይዙም ልባቸው ሙዚቃ ላይ ነበር። አባታቸው ዊልያም ግን የመንግሥት የሙከራ እርሻዎች ዳይሬክተር ነበሩና በ1903 ኦታዋ ባለው እርሻ ሥራ አስጀመሯቸው።

ያኔ ገበሬው የሚዘራው ሬድ ፋይፍ የሚባል ስንዴ ነበር። ዱቄቱ ግሩም ነው፤ ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ ውርጭ ይቀድመዋል። ወንድማቸው ፐርሲ በ1892 ይህንን ስንዴ ቶሎ ከሚደርስ የሕንድ ዝርያ ጋር አዳቅሎ ነበር። ሳውንደርስ ከዚያ ድቅል የተገኘውን ዛላ በዛላ ለይተው መረጡ። የዳቦውን ጥራት ለመገመት ደግሞ ፍሬውን ያኝኩ ነበር። አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ የሚሳበው ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ትዕግሥታቸው ነው።

የተመረጠው ስንዴ ማርኪስ ተባለ። በ1907 ሳስካችዋን፣ ኢንዲያን ሄድ ላይ ተሞከረ። በ1909 ለገበሬው መከፋፈል ጀመረ። ከሬድ ፋይፍ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይደርሳል፤ ምርቱም ይበልጣል። በ1920 አካባቢ የሜዳው ስንዴ አብዛኛው ማርኪስ ነበር። ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ግን አይቋቋምም፤ በ1916 ክፉኛ ተመታ።

በ1922 ጡረታ ወጥተው ፓሪስ ሄዱ፣ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አጠኑ። በ1934 የ"ሰር" ማዕረግ አገኙ። የጡረታ አበላቸው በጣም ትንሽ ነበር። ይህን የሰሙት ገበሬዎች ናቸው መንግሥትን ወትውተው ያስጨመሩላቸው።