ላሊበላን እንደ ቱሪስት ዞሬ መጣሁ፤ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ፒያሳ ነው። በቅርቡ መሥሪያ ቤቴ ለመስክ ሥራ ላሊበላ ልኮኝ ነበር። ግማሽ ቀን ስናገኝ ከባልደረቦቼ ጋር አብያተ ክርስቲያናቱን ዞርን። አስጎብኚው ሲያስረዳ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ። ስትጸልይ ያገኘኋትን አንዲት እናትም አንስቻለሁ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ግን ከነከነኝ። አንድ አባታችን ሆይ እንኳ ሳልደግም የድንጋይ ሥራ አድንቄ ወጣሁ። ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለስክ። የጫማውንና የነጠላውን ነገር አላነሳም፤ ታውቀዋለህ። የአንተን ጥያቄ ግን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ገና ካለፈ በኋላማ ይበረታል። ሁሉም የሚያስበው አንድ ዓይነት ነው። ተሳላሚ ያለቅሳል፣ ጎብኚ ያደንቃል፤ ያደነቀ ሰው አልጸለየም። ይህን ማን እንዳስተማራችሁ እንጃ!

መዝሙረኛው በመዝሙር 47 «ጽዮንን ክበቡአት፣ በዙሪያዋም ተመላለሱ፣ ግንቦችዋንም ቁጠሩ» ይላል። ቁጠሩ ነው ያለው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እለፉ አላለም። ለምን? ለሚመጣው ትውልድ እንድትነግሩ።

ቤተ ጊዮርጊስን እስቲ አስበው። ከላይ ስታየው መስቀል ነው። ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንስቶ ሌላ ይተካል። እዚያ ግን ያለ ቦታው ያረፈ መሮ መመለሻ የለውም። የዛሬ 800 ዓመት ገደማ ነው እንግዲህ። አባቶቻችን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይላሉ። አንተ አፍህን ብትከፍት ምን ይገርማል?

ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ ጌታን «እንዴት ያሉ ድንጋዮች እንደ ሆኑ እይ» ብሎት ነበር (ማር. 13፥1)። ጌታ ለምን አየህ ብሎ አልተቆጣውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም አለው፤ ልብህን እዚያ ላይ አትተው ሲለው ነው። አንተም እዚያው ቆመህ «ጌታ ሆይ፣ አባቶቼ እንዲህ ወደዱህ» ብትል ጸሎት ነበር። አሁን ብትለውም አልመሸም።

ፎቶው ላይ ግን አልለሳለስም። ሕንጻውን ካህናቱ እስከፈቀዱልህ ድረስ አንሳ፣ ግድ የለም። እናትየዋ ግን ስንት ቀን በእግሯ ተጉዛ የመጣች ትሆናለች። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም። በዚያ ሰዓት ከኋላዋ ስልክ ደገንክባት። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ግድግዳ ውስጥ የሚታየው አፅምም እንዲሁ ነው። ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። ቲክቶክ ላይ ከዘፈን ጋር የሚለጥፈው ሰው አለ! የአያትህን መቃብር ከፍቶ እንዲህ ቢያሳይብህ ምን ትለው ነበር?

ደግሞ ፒያሳ ነው የምሠራው ብለሃል። እንግዲያው አራዳ ጊዮርጊስን በየቀኑ ታልፋለህ። ከታክሲ ትወርዳለህ፣ ፈጠን ብለህ ታማትባለህ፣ ወደ ቢሮ። ያ ታቦት እኮ ዓድዋ የዘመተ ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንጻ ከድሉ በኋላ የተሠራ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ታሪካዊ ቦታ ማለት አውሮፕላን ተሳፍረው የሚሄዱበት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ላሊበላ የሚቀደሰው ቅዳሴ አራዳም ይቀደሳል። ከሥራ ስትወጣ አስፋልቱን ተሻግረህ ግባ። ቀና ብለህም እየው፣ ማንም አይከለክልህም።

ንስሐውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ስለ ማድነቅህ የምትናገረው የለም፤ የምትነግራቸው የእናትየዋን ፎቶ ነው። ከመሄድህ በፊት ደግሞ ከስልክህ አጥፋው።