የማረከሽ የትኛው ወንበር ነው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስቀድም፦ የሁለተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነሽ። ጎርፍ መውጫ ባሳጣችሁ ጊዜ ሚ-17 የተባለ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር መጥቶ አንቺንና ቤተሰብሽን አወጣ። በረራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍል ገብተሽ ሐሳብሽ ሰማይ ላይ ነው። «ትምህርቱን አቋርጬ የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ለመሆን ልመዝገብ?» ትያለሽ። በረራው ላይ ስላስመለሰሽም ሰግተሻል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ አብራሪዎቹ ያልሽው «ከኋላ ሄልሜታቸው ብቻ ይታየኝ ነበር» የሚል ነው፤ በቃ። የቀረው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው፦ ወገቡ ላይ ያለው ማሰሪያ ከሄሊኮፕተሩ ጋር ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ቁልቁል እያየ በማይክሮፎን ስለሚናገረው፤ ታናሽ ወንድምሽን አንጠልጥሎ ስላስገባው፤ ከመነሳታችሁ በፊት የእያንዳንዳችሁን ቀበቶ ጎተት አድርጎ ስላረጋገጠው ሰው። እሱ አብራሪ አይደለም። ከነገርሽኝ እንደምረዳው የበረራ መሐንዲሱ ነው።

ሚ-17 በመደበኛው ሦስት ሰው ይዞ ነው የሚበረው፤ ሁለት አብራሪዎችና አንድ የበረራ መሐንዲስ። መሐንዲሱ በጉዞ ላይ በሁለቱ መካከል፣ የኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) በር ላይ ባለች ታጣፊ ወንበር ተቀምጦ የሞተሮቹን ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና ነዳጅ ይከታተላል። ጭነት፣ ተሳፋሪና ዊንች (ሰውና ዕቃ በገመድ የሚያነሳው መሣሪያ) ሲመጣ ደግሞ ሥራው ወደ ኋላ ይዞራል። ሌሎቹም ሄሊኮፕተሮች እንዲህ ያለ ሰው አላቸው፤ በብላክ ሆክ ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ በግራና በቀኝ መስኮት፣ በቺኑክ ደግሞ በጎን በሩና በኋላው መወጣጫ ላይ ታገኚያቸዋለሽ።

አብራሪው ከሄሊኮፕተሩ ሆድ በታች ያለውንና ጅራቱን አያይም። ሲያርፉ የሚያይለት የበሩ ሰው ነው፤ «ጅራት ነፃ ነው፤ በቀኝ ዛፍ አለ፤ አምስት ሜትር፤ ሦስት፤ አቧራው በሩ ጋ ደርሷል፤ ሁለት» እያለ ድምፁን ሳይለውጥ ይቆጥርለታል። በደረቅ መሬት አቧራው ሲነሳ አብራሪው መሬቱን ጨርሶ ሊያጣው ይችላል፤ ያን ጊዜ ይህ ድምፅ ከባድ ዋጋ አለው። በእኔ ግምት አንቺን የማረከሽ ይህ ሥራ ነው፤ ስሙን ስላላወቅሽው «አብራሪ» አልሽው።

አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። «ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር» ብለሻል። የሚ-17 የላይኛው ሮተር (አናቱ ላይ የሚሽከረከረው) አምስት ክንፍ አለው፤ በደቂቃ 192 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በአምስት ብታባዢውና በ60 ብታካፍዪው በሰከንድ 16 ምት ይሆናል፤ ጥርስሽን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። ይህ የጤና ነው። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከዞረ ግን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ገደማ የሚመታ፣ ቀርፋፋ ንጠት ይመጣል፤ ልምድ ያለው ቴክኒሺያን መቀመጫው ላይ ሆኖ ልዩነቱን ያውቀዋል፣ መሬት ላይ በመሣሪያ ለክቶም ያስተካክለዋል። ይህን ስታነቢ «እንዴት ነው የሚለካው?» የሚል ጥያቄ ከመጣብሽ የያዝሽው የትምህርት ክፍል ትክክለኛው ነው። ካሰለቸሽና ዓይንሽ መሪው ላይ ከሆነ ደግሞ የአብራሪነቱን ነገር በቁም ነገር እናውራ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ። እኔም በሥራ ምክንያት በእነዚህ ሄሊኮፕተሮች ተሳፍሬ አውቃለሁ፤ ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ የሚቀርበት የነዳጁ ሽታና የጆሮው ጭው ማለት ነው (እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል)። ለሠራተኛው ግን የዕለት ኑሮ ነው። የካቢኑ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ከሄልሜቱ ሥር ተጨማሪ የጆሮ መድፈኛ ያደርጋሉ፤ የወገብና የአንገት ሕመም የታወቀ የሙያው ጣጣ ነው። ሌሊት በሚያሳየው መነጽር የእይታው ስፋት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ሄልሜቱ ላይ ሲንጠለጠልም አንገት ይጎትታል። በውኃ ላይ የሚበሩት ደግሞ ገንዳ ውስጥ በሚገለበጥ የካቢን አምሳያ ይሠለጥናሉ፤ ሞተሮቹና ማርሹ አናቱ ላይ ስለሆኑ ሄሊኮፕተር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ተዘቅዝቀሽ፣ አንድ እጅሽን ከመውጫው አጠገብ አድርገሽ፣ መናወጡ እስኪቆም ትጠብቂና ከዚያ ቀበቶሽን ፈትተሽ ትወጫለሽ።

ከሁሉም በላይ የምትፈርሚው ለጦሩ እንጂ ለሄሊኮፕተሩ አይደለም። አንቺን ያወጣው ሄሊኮፕተር በማግስቱ ጥይትና ወታደር ሊጭን ይችላል፤ በሩ ላይ የነበረው ሰውም ያን ዕለት በዚያው በር መሣሪያ ይይዝ ይሆናል። ይህን ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪበት። ግዴታውም ረጅም ነው፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ምድር ጦር ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አብራሪዎቹን ሥልጠና ከጨረሱ በኋላ 10 ዓመት እንዲያገለግሉ ያስገድዳል።

ስለዚህ ትምህርትሽን አታቋርጪ። ዲግሪ ይዞ መግባት በብዙ ጦር የመኮንንነትን በር ይከፍታል፤ ሐሳብሽን ብትቀይሪም በሲቪል የሄሊኮፕተር ጥገና ውስጥ ቦታ አይጠፋልሽም። እስከዚያው ወደ ምልመላ ቢሮ ሂጂና የዕድሜ ገደቡን፣ የበረራ መሐንዲስ ከጥገና ክፍል ተመርጦ ነው ወይስ በቀጥታ የሚመለመለው የሚለውን፣ ሥልጠናው ላይ ብትወድቂ ወዴት እንደምትመደቢ ጠይቂ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ሳይጠይቅ ይፈርማል። የበረራ ሕክምና ምርመራ አስቀድሞ ማድረግ የሚቻል ከሆነም አድርጊው፤ ዓይንሽ ወይም ጆሮሽ የሚያግድሽ ከሆነ ዛሬ ማወቁ ይሻላል።

ማስመለሱን በተመለከተ፦ የሚ-17 ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ በጎን ስለሚቀመጥና አድማሱን ስለማያይ በቀላሉ ያስመልሰዋል። ሠልጣኞችንም ያስመልሳቸዋል፤ አብዛኞቹን በልምምድ ይተዋቸዋል። የሚያስጨንቀው ከልጅነትሽ ጀምሮ በመኪናም በጀልባም የሚብስብሽ ከሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ ክኒን ውጠሽ አትደብቂው፤ የዚህ ክኒን አብዛኛው እንቅልፍ ስለሚያመጣ የበረራ ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለ በራሱ ፈቃድ አይወስደውም።